ዓዲላ በሻርፕ ስር ያየችው

ዓዲላ እንድሪስ ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ከሁሉ አስቀድማ እጇን ታሞቃለች። ታጥባ፣ አድርቃ፣ መዳፍ ለመዳፍ እያፋተገች ወደ አልጋው ትጠጋለች። «ቀዝቃዛ እጅ ያስደነግጣል፤ የደነገጠች ሴት ደግሞ ገላዋ ይቋጠራል» ትላለች። ከከሚሴ ወጣ ብላ ጨፋ ሜዳ ላይ ባለችው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆና ስትሠራ ስንትና ስንት መኸር ታጨደ፤ ይቺን ነገሯን ግን አንድም ቀን አልዘነጋቻትም። ማሽኑ ከመጣም በኋላ ሆድ ላይ የሚፈሰውን ያን ዝልግልግ ቅባት ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳታቆይ ለማንም ቀብታ አታውቅም።

ለዓይን የምትሞላ ሴት አይደለችም። ቀጠን ያለች፣ ስትሄድ ኮቴዋ የማይሰማ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ነች። ድምጿ ዝቅ በማለቱ ሰው እሷን ለመስማት ብሎ ዝም ይላል፤ ምጥ ክፍል ውስጥ ደግሞ ዝምታ ትልቅ ነገር ነው። በአማርኛ ትጀምርና ጭንቁ ሲጠና በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች። «አብሽሪ ኢንተለ ቲያ፣ አብሽሪ ልጄ» ስትላት፣ አልጋው ላይ ያለችው ሴት የገዛ እናቷ የመጣች ይመስላታል።

እዚህ ሙያ ውስጥ የገባችው በእህቷ በዘይና የተነሳ ነው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ በክረምት፣ ዘይና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ያዛት። ያን ጊዜ ጨፋ ዛሬ እንደምናየው ሁሉ ታርሶ በቆሎና ማሽላ አልሆነም፤ ገሚሱ ሣር ነበር፣ ከብት ገብቶበት ቀንዱ ብቻ የሚታይ ሣር። ዓዲላ ገና ፊደል ቆጥራ የጨረሰች ልጅ ነች። እንደ አገሩ ደንብ ዱበርቶች ተጠሩ። ዱበርቲ የሚባሉት ለምጥ ሴት ተሰብስበው ዱአ የሚያደርጉ እናቶች ናቸው፤ የነሱ አውራ ደግሞ ጎረቤታቸው እማ አሻ ነበሩ። እማ አሻ ገና በር ሲያልፉ መቀነታቸውን ፈቱ። ተከትላ የገባችው ሁሉ ፈታች። የሳጥኑ ቁልፍ ተከፈተ፣ የጤፉ ጆንያ አፉ ተፈታ፣ ጥጃዋ ሳትቀር ከገመዷ ተለቀቀች፤ ቤት ውስጥ የተቋጠረ ነገር ካለ ልጁም አይፈታም ይባላል። «ረቢ ሲ ሃሂኩ፣ ረቢ ይፍታሽ» እያሉ ሆዷን በለጋ ቅቤ ያሹላት ጀመር።

«ቀርቧል» ይላሉ እማ አሻ። «አብሽሪ፣ ቀርቧል።»

ሲነጋም ቀርቧል፣ ሲመሽም ቀርቧል። ክፋት የለባቸውም፤ እጃቸው የነገራቸውን ነው የሚናገሩት። ሆድ ግን በር የለው፣ መስኮት የለው፤ ውስጡ ያለውን ማን ያያል? በመጨረሻ ወንዶቹ ዘይናን በቃሬዛ አንስተው ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ ቦርከና ሞልቶ ጠበቃቸው። ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀመጡ። ዓዲላ የእህቷን ጫማ በሁለት እጇ ይዛ አብራ ተቀምጣለች። ማን ያዥ እንዳላት አታውቅም፤ አድርሰዋት እስኪመለሱ ድረስ ከእጇ አላወረደችውም።

ዘይና ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ከሆስፒታል ሲመለሱ ሐኪሙ ብሏል ተብሎ የተነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ በጭንቅላቱ መምጣቱን መጥቷል፣ ፊቱን ግን ወደ እናቱ ጀርባ በማዞር ፋንታ ወደ ሆዷ፣ ወደ ሰማይ አድርጎ ኖሯል፤ እንደዚያ ሆኖ ነው መውጫው የጠበበው።

ዓዲላ ይህን ሰምታ እማ አሻ ዘንድ ሄደች።

«እማ አሻ፣ ወደ ሰማይ ማየት ምን ክፋት አለው?»

«ክፋት የለውም።»

«ታዲያ ለምን ሞተ?»

«የአላህ ሥራ ነው። ሂጂ፣ ጥጃዎቹን አግቢ።»

ሄደች፤ ጥጃዎቹንም አገባች። ጥያቄው ግን አብሯት አደገ።

ከሚሴ እየተመላለሰች ተማረች። አዋላጅነት ልትማር ደሴ ልትሄድ ነው ሲባል አባቷ «የሰው ጩኸት ለመስማት ደሴ ድረስ? ጩኸት እዚህም ሞልቷል» ብለው ሲያሾፉባት ሰነበቱ፤ በመሄጃዋ ቀን ግን ሻንጣዋን ተሸክመው አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኟት እሳቸው ናቸው። ተምራ ስትጨርስ ሌላ ቦታ ልትመደብ ትችል ነበር። እሷ ግን ጨፋን ጠየቀች። ጨፋን ደግሞ የሚሻማት አልነበረም።

ጤና ጣቢያው ቀለሙ አዲስ፣ አልጋው አዲስ ነበር፤ ሴቶቹ ግን አይመጡም። የመጡትም ከእጇ ያመልጣሉ። ምጥ ምን ያህል እንደገፋ ለማወቅ አዋላጅ በየጊዜው በእጇ ከውስጥ መፈተሽ አለባት፤ የጨፋ ሴት ደግሞ ይህን ከሞት አትለየውም። አንዷ እንዲያውም «መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጥታ፣ በማሽላው መሀል አቋርጣ ቤቷ ገባች። ዓዲላ ጓንቷንና መቀሷን ይዛ በማሽላው ውስጥ ተከተለቻት። ደርሳ እዚያው አዋለደቻት። የቁጣ ቃል አልወጣትም።

«ለሚቀጥለው ግን መንገዱን ንገሪኝ» አለቻት እትብቱን እያሰረች። «ማሽላው ፊቴን ቧጥጦ ጨረሰው።»

ይህ ወሬ ከሚሴ ገበያ ደረሰ፣ ሰንበቴ ከተማም ደረሰ ይባላል። ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ መምጣት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ማሽኑ የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ በሁለት ሺህ ዘጠኝ ግድም ነው። አልትራሳውንድ ይሉታል፤ የእጅ ቦርሳ የሚያህል፣ ክዳኑ ሲነሳ ስክሪን ያለው፣ በገመድ የተንጠለጠለ እጀታ ያለው። እጀታው ሆድ ላይ ሲያርፍ ውስጥ ያለው ነገር በጥቁርና በነጭ ይታያል። መጀመሪያ እርጉዞችን ለማየት ብቻ ነበር። በኋላ ከደሴ አንዲት ሐኪም መጥታ ምጥ ላይም እንደሚጠቅም አሳየቻቸው፤ ጭንቅላቱ ምን ያህል እንደወረደ፣ ፊቱ ወዴት እንደዞረ። «ፊቱ ወደ ላይ ከሆነ ዓይኖቹ እንዲህ ይታያሉ» አለች ሐኪሟ፣ ስክሪኑ ላይ ሁለት ክብ ጥቁረት እያሳየች። «በደንብ የዞረ ልጅ ዓይኑ አይታይም። በእጅ መፈተሽን ፈጽሞ አያስቀርም፤ ግን ያሳንሰዋል።» ዓዲላ ከሌሎቹ ኋላ ቆማ ነበር። ሥልጠናው አልቆ ሰው ሲበተን እሷ ስክሪኑ ፊት ቀረች።

በዚያው ዓመት፣ ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን፣ በአንድ ማለዳ ባጃጅ ግቢው ውስጥ ገብታ ቆመች። መጀመሪያ የወረዱት እማ አሻ ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ግን ቀጥ እንዳሉ ነው። ቀጥላ ምራታቸው ፋይዛ፣ ሆዷን ደግፋ። ልጃቸው ኸይረዲን ከኋላ ብርድ ልብስ ተሸክሞ መጣ። የፋይዛ የመጀመሪያዋ ነው፤ ምጡ ከትናንት ጀምሯታል።

እማ አሻ በር ላይ ዓዲላን ያዟት።

«አከም ጅርታ፣ ዓዲላ።»

«አልሃምዱሊላህ። እርስዎስ እማ አሻ?»

«እኔን ተዪኝ። ምራቴን ያመጣኋት ለቤቱ ብዬ አይደለም፣ ላንቺ ብዬ ነው። ግን ሁለት ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ሌላ ቦታ ሄዳ አንዱ እያጣደፈ ፈትሿት ነፍሷ ተጠይፏል። እጅ እየደጋገመ አይገባባትም።»

«እሺ። ሁለተኛውስ?»

«ያ ሳጥን» አሉ በአገጫቸው ወደ ማሽኑ እያመለከቱ። «የልጁን ፊት እንዳታዪው። ሳይወለድ የታየ ፊት ዓይን ያገኘዋል። እኛ አርባ ቀን ከሰው የምንሸፍነውን ፊት፣ አንቺ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ በቴሌቪዥን ልታወጪው ነው?»

ከኋላ የቆመችው ነርስ መስታወት ሳቋን ለመያዝ ወደ ግድግዳው ዞረች። ዓዲላ አልሳቀችም።

«እጄን የሚተካልኝ እሱ ነው፣ እማ አሻ። ሁለቱንም ከከለከሉኝ በምን ልወቅ?»

እማ አሻ አሰቡ። ፋይዛ ግድግዳውን ይዛ አቃሰተች። አሮጊቷ ምራታቸውን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ ከዚያ ከትከሻቸው ላይ ጥቁሩን ሻርፕ ገፈፉና ለዓዲላ ሰጧት።

«እንግዲያው ተከናንበሽ ብቻሽን እዪው። ይቺ ነርስም እንዳታይ፣ እናቱም እንዳታይ፣ እኔም እንዳላይ። ያንቺ ዓይን ክፉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጫማ ይዘሽ ውሃ ዳር ስትቀመጪ አይቼሻለሁ።»

ዓዲላ ሻርፑን ተቀበለች።

ምጥ ክፍል ከገቡ በኋላ እማ አሻ ሥራቸውን ጀመሩ። መቀነታቸውን ፈቱ። የመስታወትን ሽርጥ ከጀርባዋ ፈቱ። መሳቢያውን ከፈቱ። በመስኮት ብቅ ብለው ዘበኛውን የጫማህን ማሰሪያ ፍታ አሉት፤ እሱም የአገሩ ልጅ ነውና ሳይጠይቅ ፈታ።

«ያንን ቁም ሣጥንስ?»

«እሱን እንኳ ይተዉልኝ፣ መድኃኒት ነው፣ ኃላፊነት አለብኝ» አለች መስታወት።

«ተቆልፎ?»

«ክፈቺላቸው» አለች ዓዲላ ዝቅ ባለው ድምጿ። «ፊቱ ቆመሽ ትጠብቂዋለሽ።»

ተከፈተ። ዓዲላ እጇን አሞቀች፣ ቅባቱን ከሙቅ ውሃው አወጣች፣ የፋይዛን ሆድ ታችኛውን ክፍል ቀባች። ከዚያ ከነስክሪኑ ሻርፑን ተከናነበች። ዱሮ የገበያ ፎቶ አንሺ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ እንደሚያነሳው ማለት ነው፤ ጎብጣ፣ እጀታውን የያዘው እጇ ብቻ ውጭ ቀርቶ።

ጨርቁ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ስክሪኑ ብቻ ያበራል። የጭንቅላቱ ቅስት ታያት። እጀታውን ትንሽ አዘነበለችው። ሁለት ክብ ጥቁረት ጎን ለጎን ሆነው ወደ ላይ፣ ወደ እሷ እያዩ ነበር።

ዓዲላ እዚያው ቆየች። ስንት ዓመት ስትጠይቀው የኖረችው ነገር በሁለት ዓይኑ ያያታል። ቦርከና ዳር የተቀመጡበት ድንጋይ፣ የውሃው ድምፅ፣ የጫማው ክብደት፣ ሁሉም አንድ ጊዜ መጣባት።

«ምን አየሽ?» አሉ እማ አሻ ከውጭ።

«ልቡ ደህና ይመታል። በጭንቅላቱ ነው የመጣው።» ሻርፑን ገፍፋ ቀና አለች። «ግን ገና ከፍ ብሏል። ወደ ሰማይም እያየ ነው።»

የእማ አሻ መቁጠሪያ ጣታቸው ላይ ቆመ።

«እንደ ዘይና?»

«እንደ ዘይና።»

ከበሩ ማዶ የሰማው ኸይረዲን ጭንቅላቱን አስገባ። «ወደ ቤት እንመልሳት? ዱበርቶቹ ተሰብስበው እየጠበቁ ነው።» መልስ ሲዘገይበት ደግሞ «ወይስ መኪና ልጥራ?» አለ። ኸይረዲን የሚይዘውን አጥቷል።

ዓዲላ እጇን እየጠረገች ወደ እማ አሻ ቀረበች።

«ይስሙኝ። እንዲህ የመጡ ልጆች ብዙዎቹ በምጡ መሀል ራሳቸው ይዞራሉ። እኛ እናግዘዋለን፣ እኔም እያየሁ ነው። ለቀትሩ ሶላት፣ ለዙህር አዛን እስኪል ካልዞረና ካልወረደ ደሴ ትሄዳለች፤ አምቡላንሱ ከአሁኑ ተጠርቶ በር ላይ ይቆማል። የልቡ ምት ከተበላሸ ደግሞ አዛኑንም አልጠብቅም። ለዚህ እሺታዎን አሁን እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ከእርስዎ ጋር መከራከሪያ ጊዜ የለኝም።»

«ዘይናንም ጠብቀናት ነው» አሉ እማ አሻ።

«ዘይናን ስንጠብቅ ምን እየጠበቅን እንደሆነ አናውቅም ነበር።»

አሮጊቷ መሬት መሬቱን አዩ። በመጨረሻ «እሺ» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረውም «መኪናውን አስጠራ። አንተም በር ላይ አትንቆራጠጥ፣ ልቤን አወለቅኸው» አሉት።

ዓዲላ መሬት ላይ ፍራሽ አስነጠፈች። ልጁ እንዲዞር እናትየዋ በጉልበቷና በእጇ ተደግፋ ሆዷን ወደ ታች ብታንጠለጥል ይረዳዋል። ፋይዛ ግን አፈረች፤ አማቷ ፊት እንዴት እንደዚያ ትሁን?

«ሶላት ላይ ግንባርሽን ስትደፊ እንደምትሆኚው፣ እንደ ሱጁድ ነው» አለቻት ዓዲላ። «ሱጁድ ያሳፍራል?»

እማ አሻ ይህን ሲሰሙ ተነሡ። «ቆይ፣ ሱጁድ ከሆነ ቂብላው በየት ነው? ፍራሹ ከመካ አቅጣጫ ጠሞ ተነጥፏል።»

«ሶላት አይደለም እማ፣ አቀማመጡን ነው ያልኩት።»

«ቢሆንስ፣ ማዞር ምን ይጎዳል? መስታወት፣ ያዥልኝ ያንን ጫፍ።»

«ኧረ እማ» አለች ፋይዛ ጥርሷን ነክሳ፣ «እኔ እዚህ እየሞትኩ ስለ ፍራሽ ነው የምታወሩት?»

መስታወትና እማ አሻ በአንድነት ፍራሹን አዞሩት። ፋይዛ በጉልበቷ ሆነች፤ አማቷ ከጎኗ ተንበርክከው ወገቧን ያሹላት ጀመር። «ረቢ ሲ ሃሂኩ» እያሉ፣ እንደ ዱሮው፣ በዚያው እጅ። ዓዲላ ቅቤውን አልከለከለችም፤ ከወገብ ወደ ታች እንዳይወርድ ብቻ ነገረቻቸው።

ምጥ በመጣና በሄደ ቁጥር የልጁን ልብ ታዳምጣለች። ያን ሰዓት ሌላ ድምፅ ከጆሮዋ አይገባም። ሲበቃ ፋይዛን በጎኗ አስተኝታ ሻርፑን ተከናነበች። ሁለቱ ጥቁረቶች አልነበሩም። አንዱ ብቻ ነበር፣ ወደ ጥግ ሸሽቶ።

«አሁን አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለች ከጨርቁ ውስጥ ለመስታወት።

እማ አሻ የልጁ አንድ ዓይን የት ሄደ ብለው ለመጠየቅ ፈሩ፤ መቁጠሪያቸውን ብቻ አፈጠኑ።

ደግሞ ሱጁድ፣ ደግሞ በጎን። በመሀሉ ዓዲላ እጀታውን በንጹሕ ጓንት ሸፍና ከታች በኩል አየች፤ ምንም ነገር ወደ ውስጥ አይገባም፣ ከውጭ ብቻ ይደገፋል፣ ብርድ ልብሱም ከፋይዛ ጉልበት አልተነሣም። ጭንቅላቱ ከጠዋቱ ወርዷል። ዓዲላ አንገቷን ነቀነቀች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ላይ ሄዳ ነበር። ግቢው ውስጥ አምቡላንሱ ሞተሩን አስነሥቶ ያጉረመርማል፤ ዙህር ቀርቧል። ዓዲላ ሻርፑን ለሦስተኛ ጊዜ ተከናነበች።

እጀታውን ወደ ግራ አለችው፣ ወደ ቀኝ አለችው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። የሚያያት ነገር የለም። ሁለቱም ዓይኖች ሄደዋል፤ ያለው ክብ፣ ልሙጥ፣ ለእሷ ጀርባውን የሰጠ ጭንቅላት ብቻ ነው።

«ዓይኑ ጠፋ» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም። ሻርፑ ውስጥ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እማ አሻ ያዩት ይህንን ነው። ጥቁር ጨርቅ የለበሰች ሴት፣ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ፣ ጠፋ የሚል ቃል። መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ፣ አሁን ምንም። ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡና ለሞተ የሚባለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂኡን» አሉ። ፋይዛ የአማቷን ድምፅ ሰምታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከበሩ ማዶ ኸይረዲን «እማ?» አለ።

ዓዲላ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ከሻርፑ ስር እጇን ልካ የአሮጊቷን ክንድ ያዘችና ጎትታ ወደ ጨርቁ ውስጥ አስገባቻቸው። እማ አሻ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አላይም። የሞተ ፊት አታሳዪኝ።»

«ፊት የለም እማ አሻ። ማጅራቱ ነው። ዞሮ ነው ዓይኑ የጠፋብኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ነው። ይዩ።»

«ማጅራት ነው?»

«ማጅራት።»

አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። ትንሽ ቆይተው ሌላውን። «ማጅራትን እንኳ ዓይን አያገኘውም» አሉ ለራሳቸው፣ ፈቃድ እንደሚሰጥ ሰው። ዓዲላ እጀታውን ወደ ላይ አንሸራተተችው። አንዲት ትንሽ ነገር ስክሪኑ መሀል እየተርገበገበች ታየች።

«ይቺስ?»

«ልቡ።»

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሻርፕ ውስጥ ጉንጭ ለጉንጭ ሆነው ያቺን ትንሽ ነገር ያያሉ። ዓዲላ እንባዋን አልጠረገችም፤ ቦታም አልነበራትም።

«ያኔ እኮ ቀርቧል ስል» አሉ አሮጊቷ፣ «እውነት መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

አዛን ተባለ። ኸይረዲን በሩን አንኳኳ። «ዙህር ሆኗል፣ ሹፌሩ ምን ልበለው?»

ዓዲላ ከሻርፑ ወጥታ ከታች በኩል አንድ ጊዜ አየች። ጭንቅላቱ እደጅ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። «ሞተሩን ያጥፋው» አለች። «ግን እንዳይሄድ።»

አሁን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእጇ መፈተሽ ነበረባት። ፋይዛን ጠየቀቻት። ፋይዛ አማቷን አየች፤ እማ አሻ ፊታቸውን አዞሩላት።

«እሺ» አለች ፋይዛ። «ያንቺ እጅ ሙቅ ነው።»

ሴት ልጅ ተወለደች። ከብቶች ከሜዳ ሳይመለሱ፣ በጠራራው። ጩኸቷ ግቢውን ሲሞላው ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ ከኸይረዲን ጋር ተቃቀፈ፤ ከዚያ ቀን በፊት ተያይተው አያውቁም። መስታወት እልል አለች፤ ቁም ሣጥኑንም ቆለፈች። እማ አሻ ሕፃኗን ተቀብለው ፊቷን በነጭ ጨርቅ ሸፈኑና ጆሮዋ ላይ የሹክሹክታ ዱአ አደረሱ።

ሻርፑ ጤና ጣቢያው ቀረ። መስታወት ልትመልስላቸው ስትል እማ አሻ «እኔ ሌላ አለኝ፣ ማሽኑ ግን የለውም» ብለው ትተውት ሄዱ። በየሳምንቱ ታጥቦ ማሽኑ ላይ ይሰቀላል። ከጨፋ ሮቢት ማዶ የሚመጡ ሴቶች ሳይቀሩ «የሻርፗ አዋላጅ የታለች?» ብለው ነው የሚጠይቁት። ዓዲላ አስቀድማ ትጠይቃቸዋለች፤ ተሸፍና እንድታይ የሚፈልጉ አሉ፣ አብረዋት እናያለን የሚሉም አሉ። ለሁሉም እንደየልባቸው ታደርጋለች። ደሴ ቶሎ የሚሄዱትም የሚታወቁት በዚያው ነው፤ ሁሉ ልጅ አይዞርም፣ ያልዞረላት በጊዜ ትሄዳለች፣ ወንዝ ዳር የምትቀመጥ የለችም።

በገንፎው ቀን ዓዲላ እማ አሻ ቤት ተጠራች። ቤቱ በሴት ሞልቷል። ዘይናም መጥታለች፤ ከዚያ ክረምት በኋላ ሁለት ወልዳ አሳድጋለች፣ ግን አራስ ቤት ስትገባ ዛሬም በር አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ሕፃኗ አያቷ ጭን ላይ ተንጋላ፣ ፊቷ ተሸፍኖ ተኝታለች። ማንም እንዲያያት አይፈቀድም። ሴቶቹም ይህን ያውቃሉና ጨርቁን እያዩ ብቻ ማሻአላህ ይላሉ።

እማ አሻ ዓዲላን በዓይናቸው ጠሯት። ዓዲላ እጇን እያፋተገች ቀረበች።

«አንቺ ካወቅሻት ቆይተሻል» አሉና የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረጉላት። ቀጥለውም፣ ሴቶቹ ሁሉ እየገረማቸው፣ ወደ በሩ አይተው «ዘይና፣ አንቺም ነይ» አሉ።

ዘይና መጣች። እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ጎነበሱ። ሕፃኗ ነቅታለች። ሁለት ጥቋቁር ዓይኖቿን ከፍታ፣ አልፋቸው፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ታያለች።

«ወደ ላይ ነው የምታየው» አለች ዘይና።

«ትይ» አለች ዓዲላ። «አሁን ምንም አይደለም፣ ትይ።»